ገደል አፋፍ ላይ «ኖር»

ፉሪ ተራራ ላይ የወጣሁት ወድጄ አይደለም። ጊዜው የደርግ ነው፤ ሐምሌ ላይ ላፍቶ ያለው ቀበሌያችን ነዋሪውን በሙሉ ለችግኝ ተከላ ዘመቻ ጠራ። ጠራ ይባላል እንጂ ትእዛዝ ነበር። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ የሚያገኛትን ስኳር ይርሳት። ስለዚህ ወገቤን ሲል የከረመውም፣ ከሌሊት ፈረቃ የገባውም፣ ሐኪም ከአልጋ አትውረድ ያለውም እሁድ ጠዋት አካፋና ዶማውን ይዞ ከች አለ።

እኔ ደግሞ ጭቃ አልወድም። ላፍቶ ተወልዳ ያደገች ሴት ጭቃ አልወድም ስትል ሊያስቅ ይችላል። የማልወደው በቅርብ ስለማውቀው ነው። ያን ጠዋት ግን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ ተነስቼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ በር ላይ ቆሜያለሁ። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ችግኝ ነው የምትተክይው ወይስ ሰርግ ነው የምትሄጅው?» አለችኝ።

እሱ ሊመጣ ነዋ! እሱ የምለው ሊያገባኝ ሽማግሌ የላከውን ሰው ነው። የቀበሌያችን ነዋሪ ሆኖ፣ ሳሪስ በኩል ካለ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። አፍሮው ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ሰፍቶ መንገድ የሚጠርግ ዘናጭ። አባባ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ያን ሱሪ መጀመሪያ ያዩ ቀን «ይሄ ልጅ የሁለት ሰው ጨርቅ ለብሶ ነው የሚዞረው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሽማግሌዎቹ ቤታችን የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነበር። አጎቱ፣ ጎረቤቱ የሆኑ አንድ እስላም ነጋዴና አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ስሰማ ልጁን እንዲህ ካቡት፦ ቤት አለው፣ እናቱ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፣ መጠጥ የሚባል ነገር ባፉ አይዞርም፣ ጨዋነቱማ አይነሳ። እኔው ራሴ ለማን ሊድሩኝ ነው እስክል ድረስ። አባባ እስኪጨርሱ ጠበቁና «ሰው ሲመጣ ከመቀመጫው የማይነሳ ልጅ ጨዋ ነው አትበሉኝ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ አባባ ሲያልፉ ሰልፈኛው ሁሉ ከተቀመጠበት ብድግ እያለ «ኖር» ሲላቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ብሎኬት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ያ ልጅ እሱ ነበር። አባባ እንዲህ ያለውን ነገር አይረሱም። «አስብበታለሁ» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኙ፤ እኛ ቤት «አስብበታለሁ» ማለት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ይህን ስነግረው መልኩ ተለወጠ። «የሌሊት ፈረቃ አድሬ ነው እኮ፤ ዓይኔን ገልጬ ተኝቼ ነበር። እግዜር ያውቃል አላየኋቸውም» አለኝ።

«ታዲያ ሂድና ንገራቸዋ።»

«ምን ብዬ? ነገሩ ከተበላሸ በኋላ መጥቶ ‹አላየሁዎትም› የሚል ሰው ማን ያምናል?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለሰው ሁሉ መነሳት ጀመረ። አውቶቡስ ውስጥ ለትኬት ቆራጩ ይነሳል። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አስተናጋጁ ሻይ ይዞ ሲመጣ ብድግ ይላል። «ኧረ ተቀመጥ፣ ሰው ይስቅብናል» ስለው «ተዪኝ፣ ልማድ እንዲሆንብኝ ነው» ይለኛል። እኔ ግማሽ እስቃለሁ፣ ግማሽ አዝናለሁ። ክረምቱ ገባ፣ አባባም ማሰባቸውን አልጨረሱም።

ወደ ተራራው ልመለስ። ጠዋቱን ሙሉ ዝናብ እየወረደብን ጉድጓድ ቆፈርን፣ ችግኝ ተከልን። የቀበሌው ሰውዬ በየመሃሉ «ወደ ገደሉ ማንም እንዳይጠጋ!» እያለ ይጮሃል። ተራራው በአንድ ጎኑ እንደማንኛውም ተራራ እያዘቀዘቀ ይወርዳል፤ በሌላው ጎን ግን ድንጋዩ ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ደመና ብቻ ስለነበር ማንም ሊጠጋ አላሰበም። ደመና ለማየት ማን ይሄዳል?

ዝናቡ ሲያባራ ለምሳ እረፍት ሆነ። ዳቦዬን ገና ከመቁረሴ ደመናው ተገለጠ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የታረሰው ጥቁር መሬት፣ ለቡ ላይ ገና የበቀለው ባቄላ፣ የሃና ማርያም ዛፎች፣ እዚህም እዚያም ዝናብ ያጠበው ቆርቆሮ ሲያበራ፣ ወዲያ ከተማው፣ ከሁሉም ርቆ ዝቋላ ብቻውን። በየቀኑ የማማርረው ጭቃ ከላይ ሲታይ ምን የመሰለ አገር ነው! የኛን ቤት ብፈልግ አጣሁት፤ ግን እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ መኖሬ ብቻ ደስ አለኝ፣ እንባዬም መጣ። እግሬ ሳላዘው ወደፊት መሄዱን ያወቅሁት አጠገቤ የነበረች ጓደኛዬ ነጠላዬን ይዛ ወደ ኋላ ስትጎትተኝ ነው። የዚያ ቦታ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሲያዩት አያስፈራም።

ያ ሁሉ «አትጠጉ» ተረስቶ ሰው ወደ አፋፉ ጎረፈ። እሱም ሄዶ ከሁለት የፋብሪካ ጓደኞቹ ጋር ጫፉ ላይ ተቀመጠ፣ ያን ሱሪውን ወደ ገደሉ አንጠልጥሎ። ተነስ ከዚያ ብዬ ልጮህበት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰው ፊት እኔ ማን ሆኜ? ገና ያልተሰጠሁ ልጅ ነኝ፤ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ቆመዋል።

በዚህ መሃል አባባ መጡ። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዶማቸውን ተመርኩዘው፣ ዕድሜ ልካቸውን ከታች ያዩትን ተራራ እስቲ ከላይ ምን ይመስላል ብለው። ከኋላ የተቀመጡት «ኖር» እያሉ ተነሱ። እሱ ድምፁን ሰምቶ ዞር አለ፤ አባባን አየ፤ ብድግ አለ። እንደ ሌላው ሰው ከወገቡ ከፍ ብሎ ቢመለስ ምን ነበረበት? ሙሉ በሙሉ፣ ቀጥ ብሎ ነው የተነሳው። «ኖር፣ ጋሼ» አለ። ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ ይዞታል። አባባ «በእግዜር» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ የለም።

ማን እንደጮኸ አላውቅም፤ አንቺ ነሽ ብለውኛል። ሁሉም ወደ ኋላ ሲሸሽ አባባ ዶማቸውን ጥለው፣ ከነካፖርታቸው ጭቃው ላይ በሆዳቸው ተኝተው ወደ ጫፉ ተሳቡ። እኔም ተከትዬ እግራቸውን ያዝኩ። ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ዝቅ ብሎ፣ መደብ የምታክል ድንጋይ ከገደሉ ወጣ ብላለች፤ እዚያ ላይ የቀጋ ቁጥቋጦ ታቅፎ ወድቋል። ከሷ በታች ምንም የለም።

«አለህ?» አሉ አባባ።

«አለሁ፣ ጋሼ።»

ጠጠር ሲንከባለል ተሰማ። «ምን እያደረግህ ነው?» አሉት።

«እየተነሳሁ ነው።»

«ለምን?»

«እርስዎ እያናገሩኝ ተጋድሜ…»

«ተቀመጥ!» አሉ አባባ፣ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ተቀመጥ ብዬሃለሁ፤ ሁለተኛ ለኔ እንዳትነሳ!»

ጓደኞቹ ችግኙን ካመጣው፣ ከተራራው ሥር ከቆመው የጭነት መኪና ላይ ገመድ ሊያመጡ ሮጡ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ያዳልጣልም። ይባስ ብሎ ደመናው ተመለሰ፤ መጀመሪያ ዝቋላን፣ ቀጥሎ ከተማውን፣ በመጨረሻ ከስራችን ያለውን እሱን ሸፈነው። እኔ እዚያው ሞትኩ። አባባ ወደኔ ዞረው ቀስ ብለው «ዝም ካልነው እወጣለሁ ብሎ ይንቀሳቀሳል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ደመናው መጠየቅ ጀመሩ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«አባቴ ሞቷል። እናቴ ሳሪስ ገበያ መሬት ላይ ዘርግታ ሽንኩርት ትሸጣለች።»

«የታወቁ ነጋዴ ናቸው ተብዬ ነበር።»

«ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ያውቃታል።»

«ቤት አለህ?»

«የለኝም፣ ጋሼ። ከእናቴ ጋር ነኝ። የቀበሌ ቤት ጠይቄ እየጠበቅሁ ነው።»

«ሽማግሌዎችህ አለው ብለውኛል እኮ።»

«እኔ ሲሉ አልነበርኩም።»

«ትጠጣለህ?»

ከታች ዝምታ ሆነ። ወደቀ እንዴ ብዬ የአባባን እግር ጨመቅሁ። «አንዳንድ ቅዳሜ ጠላ» የሚል ድምፅ መጣ።

«አንዳንድ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ከኋላዬ አንዷ ጎረቤታችን ማርያም ማርያም ስትል የቆየችው ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን በንዴት ጨስኩ። አሁን ቢዋሽ ምን አለበት? ሰው ገደል ውስጥ ሆኖ ትዳሩን በገዛ አፉ ያፈርሳል?

አባባ ቀጠሉ። «ያን ቀን ሰልፉ ላይ ለምን አልተነሳህልኝም?»

«አላየሁዎትም። ሌሊት ሠርቼ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ያምኑኛል ብዬ አላሰብኩም።»

ደመናው የአባባን ፊት አርሶታል፣ ወይ ሌላ ነገር ይሆናል፣ አላውቅም። ቆይተው «ትፈራለህ?» አሉት።

«በጣም ነው የምፈራው፣ ጋሼ።»

«እኔም» አሉ አባባ።

አባቴ ፈራሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አብዮት ጠባቂ መሣሪያ ይዞ ቤታችንን የፈተሸ ቀን እንኳ መርፌያቸውን አላቆሙም። በሆዴ ተኝቼ እግራቸውን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ለማንኛቸው እንደማለቅስ ግን ለይቼ አላውቀውም።

ገመዱ መጣ። እሱ ከታች በብብቱ ስር አሰረው፣ ከላይ ሰው ሁሉ ተረባርቦ ጎተተ፤ የቀበሌው ሰውዬም ጩኸቱን ትቶ ከኋላ ይስባል። አፍሮው ከደመናው ብቅ ሲል ሴቶቹ እልል አሉ። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፣ ያ ሱሪ ከጉልበቱ ጀምሮ የለም፣ መዳፎቹ የቀጋ እሾህ ሞልቶባቸዋል። እንዲያም ሆኖ አባባን ሲያይ በአንድ እግሩ ሊነሳ ሞከረ። አባባ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት፣ እሳቸውም ጭቃው ላይ አጠገቡ ተቀመጡ። ከካፖርታቸው ኮሌታ የማትለየውን መርፌ ነቅለው እሾሁን አንድ በአንድ ያወጡለት ጀመር። እኔ ቆሜ አያለሁ፤ የሰፈሩ ሴቶችም እኔን ያያሉ፤ ይሉኝታዬ የት እንደሄደ እንጃ።

ከዚያ ወዲህ ፉሪ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ወድጄ። የተከልናቸው ችግኞች አንዳንዶቹ ጸድቀዋል። ልጆችን ይዤ ስወጣ ከአፋፉ ራቅ አድርጌ መጀመሪያ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ከዚያ በሉ እዩ እላለሁ። አትውጡ ብዬ አላውቅም፤ ያን አገር ከላይ ሳያዩ ማደግ ያሳዝናል።

ሽማግሌዎቹ በሌላው ሳምንት ተመልሰው መጡ። በገደሉ የሆነውን ሰምተዋል፤ የተባለውን ግን አልሰሙም። አጎቱ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ወጉ ከመጀመሪያው ጀመሩ። «መቼም ባለፈው እንደነገርንዎት ልጃችን ቤት አለው…»

«ቤት የለውም» አሉ አባባ።

አጎቱ ደነገጡ። ነጋዴው ሊያግዟቸው ብለው «መጠጥ እንኳ…» ሲሉ፣

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠጣል። እናቱም ሽንኩርት ነው የሚሸጡት።»

ሦስቱም መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ወታደሩ ኮፍያቸውን አነሱ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የእናቴን ትከሻ ያዝኩ። አጎቱ «እንግዲህ እንሂድ» ብለው ሲነሱ አባባ እጃቸውን ዘረጉ።

«ወዴት ነው? ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ። «እናንተ የነገራችሁኝን ልጅ እኔ አላውቀውም፤ ለሱ ልጅ አልሰጥም። ገደል ውስጥ ሆኖ ለነገረኝ ግን ሰጥቻለሁ። ለጥር ይሁን።»