በቀትር ቦዩ ላይ የጠራን

የልጅ ልጄ ቬኒስ በሚባለው ሰፈር፣ የድሮው ቦይ ዳር፣ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። አንድ ቀን አብረን ከምንኖርበት ከፌርፋክስ በባስ ወደ ሥራዋ ሄድኩና በሴትዮዋ ጀልባ አንሸራሸረችኝ። ቀትር ነበር፤ ውሃው ዝም፣ በየደጁም ሰው የለም። ከድልድዩ ስር ስንገባ፣ ከፊቴ ሆና የምትቀዝፈው የልጅ ልጄ ዞር ሳትል «አቤት እማማ?» አለች።

እኔ አልጠራኋትም።

በእኛ አገር በቀትር ውሃ ላይ አንዴ ብቻ ለሚጠራ ድምፅ አቤት አይባልም፤ የመለሰለትን ይወስዳል ይባላል። እዚህ የተወለደች ልጅ ይህን በምን ታውቃለች? ወደ ጨለማው ዞሬ፣ «አቤት! የጠራኸው እኔን ነው» አልኩ።

«እማማ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ብላ ሳቀች።

«ዝም ብለሽ ቅዘፊ።»

አሁን እሷ ሥራ ስትሄድ፣ ባዶው ቤት ውስጥ በእሷ ድምፅ የሚጠራኝ አለ። አንዴ ብቻ ነው የሚጠራው። እፈራለሁ፤ ግን ደስም ይለኛል። እሷን ትቷታል ማለት ነው።