ታይላንድን በመኪና ለማቋረጥ የተዘጋጀንበት ዓመት

ካርታው ሳሎናችን አልበቃው ብሎ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋነው። ሚስቴ ከባንኮክ ስትመለስ በልብስ ጆንያዎቿ መሃል አጥፋ ያመጣችው ነው። አራቱን ጥግ በጫማ ካርቶን ይዘን መሬት ላይ ዘረጋነው። ተንበርክካ ጣቷን ባንኮክ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሰሜን ቀስ አድርጋ ጎተተችው። አዩታያን አለፈች፣ ሱኮታይን አለፈች፣ ቺያንግ ማይ የምትባል ከተማ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄን መንገድ በመኪና" አለችኝ። "እኔና አንተ ብቻ።"

ያኔ ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች፤ ኢንተርኔትም የሚገኘው በየኢንተርኔት ቤቱ በደቂቃ እየተከፈለ ነበር። እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። እሷ መሃል ከተማ የሴቶች ልብስ መሸጫ አላት፤ ዕቃዋን የምታመጣው ራሷ ባንኮክ እየተመላለሰች ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ሄዳለች። የሥራ ባልደረቦቼ "ታይላንድማ የሚስትህ ሰፈር ናት" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ያን ቀን ግን ካርታው ላይ እንደተንበረከከች፣ ከታይላንድ የምታውቀው ኤርፖርቱን፣ ሆቴሉንና የልብስ ገበያውን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ከሆቴሉ መስኮት ሥር ሰፊ አውራ ጎዳና ያልፋል። ጠዋት ጠዋት ሻይዋን ይዛ መኪናው ሁሉ ወደ ሰሜን ሲነጉድ ታያለች። ከዚያ ወርዳ ገበያ ትገባለች፣ ጆንያ ታስራለች፣ ትመለሳለች።

"አሥራ አንድ ጊዜ ደጃፉ ድረስ ሄጄ ቤቱን አላየሁትም" አለች። "አሥራ ሁለተኛውን እንደዚያ አልሄድም።"

ከተጋባን ጀምሮ ሚስቴ ለራሷ ብላ የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ መንዳት እንዳስተምራት ነበር፤ እሱን "ዛሬ ነገ" እያልኩ ዓመታት አሳልፌዋለሁ። በእኛ ሙያ ሚስቱን ያስተማረ ሰው ከመሪው በፊት ትዳሩን ይለቃል እየተባለ ይቀለዳል፤ ቀልዱን ተገን አድርጌ ኖርኩ። ሁለተኛው ይሄ ነው። ይሄኛውን እምቢ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ክር አምጥቼ መንገዱን ለካሁት። ከሐዋሳ ተነስተህ ሞያሌ ትደርስና፣ ተመልሰህ ያቤሎ ልትገባ ትንሽ ሲቀርህ ማለት ነው። እኔ ደግሞ መንገድ የማቅደው አባቴ ባሳየኝ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ነዳጅ፣ ከዚያ ሰው። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ጀሪካን ብዬ ጻፍኩና ሰው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እኛ ዘንድ መንገድ ማለት ሰው ነው። ዲላ የአክስት ልጅ አለ፣ ያቤሎ አብሮ አደግ አለ፣ መኪና ቢበላሽ "የእገሌን ቤት አሳዩኝ" ትላለህ። አዩታያ ማን አለን ብዬ ጠየቅኳት። ማንም። ሱኮታይስ? ማንም የለንም አለችኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር። ካርታውን አየሁት። ያ ሁሉ ከተማ፣ ያ ሁሉ ወንዝ፣ አንዲት የምናንኳኳት በር የለችበትም። ፈራሁ፤ ግን ፍርሃቱ ውስጥ አንድ የሚያፈዝ ነገር ነበር። ሰው ሆኖ ተፈጥሮ ማንም በማያውቀው አገር ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር መጓዝ ይቻላል ለካ።

"ሹፌሩስ እንግሊዝኛ ይችላል?" አልኳት።

"የቱ ሹፌር?"

እኛ አገር መኪና የሚከራየው ከነሹፌሩ ነው። ባለ መኪናው አንተን ለማገልገል ብቻ ሳይሆን መኪናውን ለመጠበቅም ሰው አብሮ ይልካል፤ ሌላ ዓይነት ኪራይ መኖሩ ታስቦኝም አያውቅም። እዚያ ግን ቁልፉን አስጨብጠው ያሰናብቱሃል አለችኝ። ከየት እንደመጣህ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠይቁህም፤ ወረቀትህን ያያሉ፣ መያዣ ገንዘብ ይቀበሉሃል፣ በቃ። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ነገር ሳወራ ሰነበትኩ። አንዱ ባልደረባዬ እንዲህ የሚያደርግ ባለ ሀብት ወይ ቅዱስ ነው ወይ መኪናው የሰው ነው አለ።

ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት ሄድን። የአከራዩ ገጽ ከላይ ወደ ታች በስንት ልመና እየተከፈተ የመኪናው ፎቶ ወጣ። ነጭ፣ ትንሽ፣ ንጹሕ መኪና ነው። መሪው በቀኝ በኩል ነበር።

"አዎ፣ እዚያ በግራ ነው የሚሄዱት" አለችኝ ሚስቴ። "አልነገርኩህም እንዴ?"

አልነገረችኝም። ነድታ ለማታውቅ ሰው ይሄ ከመንገዱ ዳር ዛፍ ቀለም የበለጠ የሚነገር ነገር አይደለም። እኔ ኮራ ብዬ "መንገድ መንገድ ነው" አልኩ። ሐዋሳ ውስጥ ከሚነዳው ሰው ስንቱ በእጄ አልፏል፤ እኔ ነኝ ግራና ቀኝ የሚያስፈራኝ?

ለልምምድ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና አስፈለገኝ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ግቢ አለ፤ ዓመት በዓመት ጉባኤ የሚደረግበት ሰፊ ሜዳ ያለው። እዚያ በሞያሌ በኩል ከኬንያ የገባ አሮጌ ፒክአፕ ቆሞ ነበር። ግቢውን የሚያስተዳድሩት ሽማግሌ ጎረቤቴ ስለሆኑ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ምን ልታደርግበት ነው ልጄ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

"ለሥራ እንዳልልህ ሥራ አይደለም፤ ለሕክምና እንዳልልህ ደህና ናችሁ" አሉ። "አገር ለማየት ብቻ ነው የምትሄዱት?"

"አዎን ጋሼ። እርስዎ ይፍረዱ፣ እሷ ናት የፈለገችው።"

"እንግዲህ ፍጥረቱን እዩለት" አሉኝ።

ሜዳው ላይ ድንጋይ ኖራ ቀብተን መንገድ ሠራን፤ መሃሉ ላይ አደባባይ አደረግን። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉዴ ይታይ ጀመር። ማርሽ ልቀይር ስል ቀኝ እጄ ሄዶ በሩን ይመታል። ፍሬቻ ልሰጥ ስል በጠራራ ፀሐይ ዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። አደባባዩን ስዞር የሚመጣ መኪና የምጠብቀው ከማይመጣበት በኩል ነው። ተማሪዎቼን "መኪና የሚነዳው በልማድ ነው" እላቸው ነበር፤ ልማዱ እኔን ይነዳኝ እንደነበር አላወቅኩም። ሚስቴ ዳር ላይ ቆማ ታያለች። ይሻሻላል እላታለሁ፤ እሺ ትለኛለች።

በስድስተኛው ቅዳሜ እሷ የሚመጣ መኪና እንድትሆንልኝ ተስማማን። ቀይ ጃንጥላ ዘርግታ ከፊት ለፊቴ፣ በራሷ መስመር፣ ወደ እኔ ትሄዳለች፤ እኔ ግራዬን ይዤ አልፋታለሁ። ሁለት ጊዜ በደንብ አለፍኳት። በሦስተኛው ከአደባባዩ ስወጣ ድንገት ፊቴ ድቅን አለች። እጄ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ የኖረውን ሠራ፤ ወደ ቀኝ ሸሸ። በቀኝ በኩል ያለችው ደግሞ እሷ ናት።

ፍሬኑን የረገጠው እኔ ልሁን እግዚአብሔር እስከ ዛሬ አላውቅም። መኪናው ሲቆም በእሷና በመኪናው መሃል የቀረው አንድ ክንድ ነበር። አልጮኸችም። ጃንጥላዋን አጠፈችና በኔ በኩል መጥታ በሩን ከፈተች። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

የዚያን ቀን ያሰብኩትን ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። ልዋሻት ነበር። አከራዮቹ ለእኛ ዓይነት መንጃ ፈቃድ መኪና አይሰጡም ብለው ጻፉልኝ ልላት፤ በአውቶቡስ እንሂድ ልላት። እውነቱን ከምናገር፣ አስተማሪው ሰውዬ አቃተው ከሚባል፣ የአሥራ አንድ ጉዞ ምኞቷን ልቀብረው ቃላቱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ "ስሚ" ብዬ ስጀምር ቀደመችኝ።

"የአንተ እጅ ሌላ መንገድ ያውቃል" አለች። "የእኔ እጅ ምንም አያውቅም። እኔን አስተምረኝ።"

በቀጣዩ ቅዳሜ እሷ በቀኝ ተቀመጠች፤ እኔ በግራ። ዕድሜዬን ሙሉ መሪ የጨበጥኩበት ቦታ ላይ መሪ የለም። እግሬ የሌለ ፍሬን እየረገጠ የመኪናውን ወለል ሊበሳው ደረሰ፤ እሷ አየችና ሳቋ አመለጣት። ሳቋ መኪናውን አጠፋው። እንደገና አስነሳች። ፍሪሲዮኑን ስትለቅ መኪናው እንደ ማንኛውም ጀማሪ መኪና ዘለለ። መስመሩን ግን አልሳተችም። ግራዋን ያዘች፣ አደባባዩን በግራ ገባች፣ በግራ ወጣች፤ ሌላ አቅጣጫ ያለ አይመስላትም።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ በአጥሩ በኩል ወተት የምታመጣላት ሴትዮ አየቻትና በሲዳምኛ ጠራቻት። ሚስቴ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ በሲዳምኛ መለሰችላት፣ ሴትዮዋ የሆነ ነገር አለች፣ ሁለቱም ሳቁ። በዚያው አፏ ወደ እኔ ዞር ሳትል "ሦስተኛ ላስገባ?" አለችኝ በአማርኛ። እቤት ደግሞ ከእናቷ ጋር የምታወራው በጉራጊኛ ነው፤ ባንኮክ ገበያ ውስጥ ዋጋ የምትከራከረው በታይ ቁጥር ነው። አንዱን ስትናገር ሌላው አይቀላቀልባትም፤ ደጃፍ ላይ ጫማ እንደሚቀይር ሰው ናት። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ በአንድ አማርኛ ሐዋሳ የመጣሁ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ኖሬ በሲዳምኛ ከሰላምታ ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ከአንድ ሰው በላይ ሆና የኖረችውን ሴት አጠገቧ እየኖርኩ አላየኋትም። ሦስተኛ ማርሽ አስገቢ ሳልላት ራሷ አስገባች።

የፈራሁት ፈተናውን ነበር። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እኛ አገር ሕግ በቀኝ መንዳት አለባት፤ በግራ የተማረችው ይበላሻል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በትምህርት ቤቴ መኪና አንድ ወር በቀኝ አለማመድኳት፤ ተፈተነች፤ አለፈች። በሳምንቱ ፒክአፑ ውስጥ ገብታ ግራዋን ያዘች። አንዴ እንኳ አልተደናገረችም። ከመኪናው ወርጄ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ሆንክ አለችኝ። ምንም፣ ደንቆኝ ነው አልኳት።

አከራዩ ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላው መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ያን ዓመት መንገዱን ስናጠና አሳለፍነው፤ የሱቋን ዕቃ ቃሏን ጠብቃ ባንኮክ በሚመላለሱ ሌሎች ነጋዴዎች አስመጣች። ፊደላቸው የራሳቸው ነው፤ ሚስቴ የየከተማውን ስም ከካርታው እያየች ደብተር ላይ ትገለብጥ ነበር፣ ልጆች ሀ ሁ እንደሚጽፉት ምላሷን በከንፈሯ ነክሳ። እኔ አስጠናታለሁ። ዘመን አቆጣጠራቸውም የራሳቸው ነው፤ እኛ ከፈረንጅ ወደ ኋላ ስንቀር እነሱ አምስት መቶ ምናምን ዓመት ቀድመው ሄደዋል። ይህን ባወቅኩ ጊዜ ያ ማንም የማያውቀን አገር ትንሽ ዘመድ መሰለኝ። በየሳምንቱ አንድ ከተማ እናነባለን፤ የፈረሰ ቤተ መንግሥት፣ የሩዝ ማሳ፣ ጭጋግ የሚወርድበት ተራራ። የማላውቀው ዓለም ይህን ያህል ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በእግዚአብሔር ሥራ ስንቴ ተገርሜ ከሥራዬ እንዳረፈድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዓመቱ ሲሞላ ኢንተርኔት ቤት ሄደን የኪራዩን ቅጽ ከፈትን። መጀመሪያ የሚጠይቀው የአሽከርካሪውን ስም ነው። ሚስቴ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

"የአንተን እንጻፍ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "እዚያ ስንደርስ እኔ እነዳለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን አንተ ሁን። ከተማው ሁሉ ያውቅሃል።"

ለእኔ አስባ ነው። ይህን ያህል ካየሁ በኋላም ስሜ ከስሟ እንዲቀድም ትጨነቅልኝ ነበር። ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩና ኪቦርዱን ወደ እሷ ገፋሁት፤ የራስሽን ጻፊ አልኳት። አንድ በአንድ፣ በአንድ ጣት፣ ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች። ቀጥሎ ቅጹ ሁለተኛ አሽከርካሪ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም በይ አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ከተማ፣ ብቻዋን ልትነዳው ነው።

"ትፈራለህ?" አለችኝ።

በሃያ ምናምን ዓመት ማስተማር ለአንድም ተማሪ፣ በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር ለእሷም ቢሆን ብዬው የማላውቀውን አልኩ።

"እፈራለሁ።"

"እኔም" አለችና ቅጹን ላከችው።