ወንበሩ በመሪው በኩል መጣ

ማማ ከቢራ ስትመታ አታዳላም። ሾፌሩን በከዘራ፣ የልጅ ልጆቿን በጫማ፣ እኔን ደግሞ እጇ በገባው ሁሉ ትመታለች። አንድ ቀን በተጠበሰ የዶሮ ጭን ግንባሬን ብላኝ፣ ከወደቀበት አንስቼ በልቼዋለሁ። ቀኝ ጎኗ ሽባ ከሆነ ወዲህ የቀኙ ጉልበት ሁሉ ተጠራቅሞ ወደ ግራ እጇ የገባ ይመስለኛል። በከዘራዋ ዝንብ ስትመታ ዝንቧ ጅዳ ሄዳ ነው የምታርፈው።

ማማ ከቢራ ስሟ አይደለም። ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች የቤቱን አሮጊት የምንጠራው እንዲህ ነው። ዑረይጃ በሚባል ሰፈር የሚኖረው የአሠሪዬ እናት ናት። እሷ ደግሞ እኔን «ያ ቢንት» ትለኛለች፤ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ እያለ «አንቺ ልጅ» መባል ከዱላው ጋር የሚመረቅልኝ ምራቂ ነው።

ዱላስ ይለመዳል። ያልተለመደው ወገቤ ነበር። ሐኪም ቤት በሄድን ቁጥር ከተሽከርካሪ ወንበሯ አቅፌ መኪና ውስጥ የማስገባት፣ መልሼም የማወጣት እኔ ነኝ። ልጇ አንዴ አነሳለሁ ብሎ ስለጣላት፣ ጠጋ ሲል በከዘራ ነው የምትመልሰው። ሁለት ኩንታል ስሚንቶ ናት፤ ያውም የሚሳደብ፣ ፀጉር የሚነጭ ስሚንቶ። ሐኪሙ የወገቤን ራጅ አይቶ «በዚሁ ከቀጠልሽ አንቺም ወንበር ላይ ነሽ» አለኝ። ወንበር ላይ የተቀመጠች ሠራተኛ ማን ያኖራል? ኸላስ፣ አበቃ፣ በሚቀጥለው አውሮፕላን ወደ አገር ነው።

ባባ፣ ልጇን ማለቴ ነው፣ ይህን ሲሰማ በልዩ ትእዛዝ አዲስ መኪና አዘዘ። ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር፣ ቁልፍ ሲጫኑት ወደ በሩ ይዞራል፣ ይወጣል፣ ዝቅ ይላል፣ አሮጊቷን ተቀብሎ ተመልሶ ይገባል። ያን ወንበር እኔ የጠበቅሁትን ያህል መሲሕ የተጠበቀ አይመስለኝም። ለማርያም ጥላ ተስያለሁ።

መኪናው ደረሰ ሲባል ባባ «አንቺም ትመጫለሽ። የምታነሻት አንቺ ነሽ፤ ወንበሩን አንቺ ፈትሺው» አለኝ። አሮጊቷን እማማንም ይዘናት ሄድን።

መኪና መሸጫው መስታወት በመስታወት ነው። ባባ ቀለሙን ሲያይ፣ ጎማውን በጫማው ነካ ነካ ሲያደርግ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ወደ ቀኙ በር ሄድኩ። ከፈትኩ። ወንበር አለ። ቁልፍ ፈለግሁ፤ በጎኑ የለም፣ በሥሩ የለም። ወንበሩን በጥፊ መታሁት። አልዞረም።

ሻጩ ሽቶው ቀድሞት ደረሰ። «በዚህ በኩል ነው፣ እህቴ» ብሎ የግራውን በር ከፈተ፤ ዞሬ ሄድኩ። ቁልፉን ሲጫነው የሾፌሩ ወንበር ከመሪው ሥር ዞሮ ወጣና እግሬ ሥር ዝቅ ብሎ ቆመ። «ፉል ካሚል!» አለ እየሳቀ። ምንም ያልጎደለበትን መኪና እንዲህ ነው የሚሉት። እኔ እዚህ አገር እንደመጣሁ ስለ ባቄላ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

«ማነው የሚነዳው? እናቴ?» አለ ባባ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ትእዛዙ እንዲህ ነው የመጣው።»

መስታወት የሚወለውል ያገሬ ልጅ ከኋላዬ ተጠግቶ ሹክ አለኝ። «እህቴ፣ ትእዛዙ 'እግሯ ለማይታዘዝላት ሴት' ይላል አሉ። ሴት መንዳት ከተፈቀደ ወዲህ እነዚህ ሴት ሲባል ሾፌር ነው የሚታያቸው።»

«ሰውዬ፣ የኖኅ እኩያ እኮ ናት!» አልኩት።

«ምን ያውቃሉ? በእጅ የሚሠራ ነዳጅና ፍሬንም ገጥመውላታል። ያቻት፣ መሪው ሥር ያለችው ዘንግ።»

ወገቤ ያኔውኑ ተሰማኝ። ባባና ሻጩ መጯጯህ ጀመሩ። እማማ ከዘራዋን ወለሉ ላይ ደበደበች። «ያ ቢንት! አስቀምጪኝ!»

ዝቅ ብሎ የቆመው ወንበር ላይ ገፋ አደረግኋት። በቃ፣ እንደ ቅቤ ተንሸራታ ገባች። አላቀፍኩ፣ አላማጥኩ። ወንበሩ ከፍ ብሎ፣ ዞሮ ገባና መሪው ፊት አስቀመጣት። እማማ በግራ እጇ መሪውን ዳሰሰችና ዝም አለች። ዝም ስትል ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ የሞተች መስሎኝ አፍንጫዋ ሥር ጣቴን ላደርግ ነበር።

ሻጩ ዝምታዋን እንደ ግዢ ቆጠረው። በቀኙ በር ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ዘንጓን እየገፋ «ይኸው፣ ስትገፊው ፍሬን ነው። ማርሽ ባስገባም አይንቀሳቀስም፣ እይ» አለና ማርሹን አስገባ። «ስትስቢው ደግሞ ነዳጅ ነው።»

የሰው እጅ ፊቷ ተዘርግቶ ማየት እማማ አትወድም። ከዘራው ሲያርፍበት የጣቱን አጥንት ድምፅ ሰማሁ። እጁን ሰብስቦ ጮኸ። እማማ ከዘራዋን ጥላ ዘንጓን ሳበቻት።

መኪናው እንደ ተወጋ በሬ ዘለለ። እኔ የተከፈተውን በር ይዤ ስለነበር እየተጎተትኩ ሄድኩ። ሶፋው ተገለበጠ፣ የሻጩ ጠረጴዛ ለሁለት ተከፈለ፣ የቡናው ፔርሙዝና ቴምሩ በአየር ላይ ሄዱ። ከዚያ በመንገዱ በኩል ያለውን መስታወት ጣስነው። ሲፈርስ ሰማይ የወረደ ነው የመሰለኝ። በሩን ለቅቄ ወደቅሁ፤ ክርኔ ተቀደደ፤ ደሜ ነጩ ወለል ላይ ፈሰሰ፤ በግ የታረደ ነው የሚመስለው። መኪናው ደጅ ያለውን የመብራት ምሰሶ ገጭቶ ቆመ። እማማ መሪውን እንደያዘች ናት። አንዲት ጭረት የለባትም።

«ከመንገድ ውጣ በይው!» አለችኝ ምሰሶውን እያየች።

ባባ ሻጩን ከመኪናው ጎትቶ አወጣው። ዒቃሉን፣ ያን ራሱ ላይ የሚያስረውን ጥቁር ገመድ፣ አውልቆ ይገርፈው ጀመር። ሻጩ በደህና እጁ የባባን ጢም ያዘ። በቡጢ ተቃመሱ፤ የሻጩ አፍንጫ ደም ተፋ፣ የባባ ጥርስ ተነቃነቀ። ያገሬ ልጅ በመወልወያ መሃላቸው ገብቶ እሱም ድርሻውን ቀመሰ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ክርኔን ይዤ አለቀስኩ። ለክርኔ ግን አልነበረም። ያቺ እንደ ቅቤ የገባችባት ወንበር ምሰሶ ታቅፋ ቀርታለች፤ ነገ እማማን የማቅፈው እኔ ነኝ።

የመሸጫው ካሜራ ግን ሞተር ያስነሳውም ማርሽ ያስገባውም ሻጩ መሆኑን አሳየ። የመሸጫው ኃላፊ ተመልክቶ ላብ በላብ ሆነ። መኪናውን ገና ስላላስረከቡን ኪሳራው የነሱ ነበር። «ሌላ እናመጣለን፣ ወንበሩ በቀኝ በኩል የሚወጣ» ብሎ ለባባ ማለ።

እስኪመጣ ተሸከምኩ። ወገቤን በሻሽ ጠፍሬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እየተነጨሁ ተሸከምኩ።

መጣ። ያን ቀን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረን። ባባ ግቢ ውስጥ የቀኙን በር ከፍቶ ቁልፉን ተጫነ፤ ወንበሩ ዞሮ፣ ወጥቶ ዝቅ አለ። እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

እማማ ወንበሩን አየችው። ከማዶ መሪውን አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንቺ ነው ዩማ፣ እናቴ፣ ለአንቺ ነው ያዘዝኩት» አለ ባባ።

«መሪው የታል? ነጂ ነበርኩ፤ አሁን ጎን ልቀመጥ? የሠራተኛ ቦታ ነው! ወይ መሪውን ስጡኝ፣ ወይ ኋላ አስቀምጡኝ!»

ባባ ሊለምናት ጎንበስ ሲል አናቱን በከዘራ አገኘችው። እኔም «ማማ፣ በማርያም» ብል ትከሻዬን አገኘችው። የሚሸነፍ ሰው አልነበረም፤ ከኛ በቀር።

አቀፍኳት። አነሳኋት። የኋላው ወንበር ላይ ሳሳርፋት ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር «ቀጭ» አለ፤ ባባም ሰማው። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ባባ ደንግጦ የፊቱ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ቁልፉን ተጫነልኝ። ያ በስለት ያመጣሁት ወንበር ቂጤን ተቀብሎ ወደ ላይ ከፍ፣ ወደ ውስጥ ዞር አለ።

«ያላ፣ ንዳ!» አለች እማማ ከኋላ፣ ባባን በከዘራ እየወቃች።

ሐኪም ቤት ስንደርስ መጀመሪያ የታየሁት እኔ ነኝ።