ማክሰኞ ቀን የተደወለው ደወል

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በበጋ፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በር ከኋላዬ ሲዘጋ እደነግጣለሁ።

የምኖረው ከአዳሚ ቱሉ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ድሮ እዚህ መጥተው የሰፈሩ ጀርመኖች የሠሩት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ግንቡ ወፍራም፣ መስኮቶቹ ጠባብና ከፍ ያሉ ናቸው። ደወሉ የሚደወለው እሑድና ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው።

የዚያን ዕለት ለታላቅ እህቴ ለበላይነሽ የስኳር መርፌዋን ወጋኋት። እግሯን ስለሚያማት ከአልጋ አትወርድም። ምሳዋን ላቀርብ ስል ነፋስ አቧራውን አስነሣው። የቤተ ክርስቲያኑን መስኮቶች ከፍቼ መምጣቴ ትዝ አለኝ። "መጣሁ" ብያት ወጣሁ።

የመጨረሻውን መስኮት በገመዱ ስስብ በሩ በነፋስ ተላተመ። በሩ ሲገጥም ራሱ ይቆለፋል፤ ከውስጥም ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ቁልፉን ውጭ እንደተሰካ ትቼው ነበር የገባሁት። ስልኬም ቤት ቀርቷል።

በሩን ደበደብሁ፤ የሰማኝ የለም። የስኳር መርፌ ተወግቶ ሳይበላ የቆየ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም እንደሚችል አውቃለሁ። ብደውል ሰው ሞተ ይባላል። ባልደውል ደግሞ እውነት ሊሆን ነው። የደወሉን ገመድ ያዝሁ።

ብዙም ሳይቆይ የሩጫ ኮቴ መጣ። "እዚህ ነኝ!" ብዬ ጮኽሁ። የሚያለቅሱ ሴቶች በሩን አልፈው ሄዱ። አንድም የቆመ የለም። ሁሉም የሚሮጡት ወደ እኛ ቤት ነበር፤ በሰፈሩ የታመመችው እሷ ናትና። ከዚያ ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። ለምን እንደቆመ አላወቅሁም። በሩን እንደገና መደብደብ ጀመርሁ።

በሩን የከፈተልኝ ጎረቤታችን ገመቹ ነው፤ ወይዘሮ ለማለት በኦሮምኛ 'አዴ' ይለኛል።

"አዴ ዘነቡ! ማን ሞተ ብለው ነው የደወሉት?"

"በላይነሽስ?" አልሁት።

"እሳቸውማ አልቃሹን ሁሉ እየተቆጡ ነው።"

ሴቶቹ ሲደርሱ እህቴን ላብ አጥምቋት፣ ምላሷ ተሳስሮ ነበር ያገኟት። ጎረቤታችን ፋጡማ ራሷም ስኳር ስላለባት ወዲያው ገባት፤ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻት።

ስገባ እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ! ሳልሞት አስለቅሰሽ ጨረስሻቸው። ስሞት ማን ሊመጣልኝ ነው?"

"እኔ እመጣለሁ፣ እትዬ በላይነሽ፤ ስኳሩን ግን አልይዝም" አለች ፋጡማ። ቤቱ በሣቅ ሞላ። እኔ አልሣቅሁም።

ዛሬም ይህን ሳስብ አልሥቅም። እንደጠራኋቸው ወደ እኔ መጥተው ቢሆን፣ እኔን ሲያረጋጉ ለእህቴ ሳይደርሱላት ጊዜው ያልፍ ነበር። ያን ዕለት እያለቀሰ የሮጠ ሰው መንገድ ላይ ሳገኝ፣ አሁን በምስጋና ቀድሜ ሰላም የምለው እኔ ነኝ።