ጣራውን ያነሳንለት መርከብ

የአባቴን ሳጥን ስከፍት ቀድሞ አፍንጫዬ ላይ ያረፈው የሰም ሽታ ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እናቴ ሳጥኑን ማንም እንዳይነካው ስትከላከል ከርማ፣ ለተዝካሩ ጋቢውን ለንስሐ አባቱ እንስጥ ስትል ነው ባለፈው ሳምንት ቁልፉን የሰጠችኝ። ከጋቢው ስር በጆንያ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ፤ ሳልፈታው አወቅሁት። ማርና ጭስ የተቀላቀለበት ያ ሽታ ወደ ልጅነቴ ይዞኝ ሄደ።

አክስቴ ታንጉት ከቤሩት ስትመለስ ለያንዳንዳችን አንዳንድ ነገር ይዛ መጥታ ነበር። ለኔ የደረሰኝ የአሠሪዎቿ ልጆች ጠግበው የጣሉት፣ እርስ በርሱ የሚሰካካ የፕላስቲክ ጡብ የሞላበት ፌስታል ነው። የሰቆጣ ልጆች «ብሎኬት» ብለን ስም አወጣንለት። ከየዓይነቱ የተለቃቀመ ስለነበር ቀዩ ከቢጫው፣ ትልቁ ከትንሹ አይመጣጠንም፤ በዚያ ላይ ሁለት መስኮት፣ አንድ በር፣ አንዲት አረንጓዴ ዛፍና ጭንቅላት የሌለው ፈረስ ነበሩበት። ቤት የሚሠራልኝ ታላቅ ወንድሜ ሞላ ነበር። እኔ የሠራሁትን ደግሞ «ያለ መሐንዲስ ፈቃድ!» እያለ ያፈርስብኝና፣ ላለቅስ ስል መልሶ ይገነባልኛል።

ዝናብ የቀረ ዓመት ሞላ ኮምቦልቻ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወጣ። ከሳምንታት በኋላ በጎረቤታችን ባለሱቅ ስልክ ደወለ፤ የደወለው ግን ከጅቡቲ ባሕር ዳር ነው። ሳውዲ ለመግባት መጀመሪያ በጀልባ ወደ የመን እንሻገራለን አለ፣ ጸልዩልኝ አለ፣ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። እናቴ ውሎዋን ከሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ አደረገች፤ ለሌላ ሰው በተደወለ ቁጥር ብድግ ትልና መልሳ ትቀመጣለች። ቤታችን ውስጥ ዕቃ እንኳ ሲቀመጥ ድምፅ እንዳያሰማ ተደርጎ ነበር። አባቴ እንደወትሮው ወደ ቀፎዎቹ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት ከቀፎዎቹ ሲመለስ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለና ብሎኬቶቹን እያገላበጠ «ይኼ መርከብ ይወጣዋል?» አለኝ። አባቴ ካየው ውሃ ሁሉ ትልቁ በክረምት የሞላ ተከዜ ነው፤ መርከብም ያየው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ የኖኅን ነው። እናም የሠራነው ያንኑ ነበር፤ ግድግዳ ያለው፣ በርና መስኮት የተገጠመለት፣ ቤት የሚመስል መርከብ። እናቴ ከጥግ ሆና «ጣራ አድርጉለት፣ ፀሐዩ አናቱን ይበላዋል» አለች፤ ሞላ ከሄደ ወዲህ ለአባቴ የተናገረችው ረጅሙ ንግግር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከቤሩት ሰገነት ላይ ባሕር ያየችው ታንጉት ደግሞ ያለ ሸራ አይሄድም ብላ ድርቅ ስላለች አባቴ የማዳበሪያ ጆንያ ቀደደና በሸምበቆ ላይ ወጥሮ ተከለላት። አረንጓዴዋን ዛፍም ከፊት ሰካት፤ ለምን ስለው «አገሩን እንዳይረሳ» አለኝ።

ሳፋ ውስጥ ስናኖረው በየስንጥቁ ውሃ እየጠጣ ሰመጠ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አባቴ ለጧፍ ያስቀመጠውን ሰም አቅልጦ፣ ስንጥቁን ሁሉ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ደፈነው። የቤታችን በር ማጠፊያው ወልቆ ዓመት ሲያንጎራጉር ዞር ብሎ ያላየ ሰው፣ ያን ቀን ላብ እስኪያጠምቀው ሠራ። ደግመን ስናኖረው ተንሳፈፈ። እኔ አጨበጨብኩ፤ እሱ ግን ሽምብራ አምጪ አለኝ።

ሽምብራውን ምን ሊያደርገው እንደሆነ የገባኝ አንድ አንድ እያለ መጫን ሲጀምር ነው። ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ውሃው እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ይጨምራል። ጀልባው ሰው እየጠቀጠቀ እንደሚጭን ሰምቶ ነበር፤ ስንት እንደሚችል በዓይኑ ማየት ፈልጎ ነው። ውሃው ከአፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መርከቡ ዘመም አለ። አባቴ ፈጠን ብሎ አንዷን ሽምብራ አነሳት፤ መርከቡም ቀና አለ።

«የማንን ልጅ ነው ያወረድኸው?» አለች እናቴ።

አባቴ ሽምብራዋን በጣቶቹ መሃል እንደያዘ ቀረ። መልሶ ቢያስቀምጣት ይሰምጣል፣ ቢይዛት እናቴ ቆማ ታየዋለች። ከዚያ በሌላ እጁ ጣራውን ነቅሎ ሳፋው አጠገብ አስቀመጠ፤ ሽምብራዋንም ወደ ቦታዋ መለሳት። መርከቡ ተንገዳግዶ ቆመ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ያን ሳፋ የሚነካ ሰው እንዳላይ አለች። አንድ ጀሪካን ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን በምንሰለፍበት ከተማ፣ አንድ ኩባያ ውሃ ደፋችሁ ብላ የምትገርፈን ሴት፣ ሙሉ ሳፋ ውሃ መሃል ቤት አስቀምጣ ልብሳችን ሳይታጠብ ሰነበተ። ዘበኛዋ እኔ ነበርኩ። የጎረቤት ፍየል በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር ባሕራችንን ልትጠጣ ትገባለች፤ ቀንዷን ይዤ ስታገል ውሃው ሲናወጥ ሞላን የገደልኩት እየመሰለኝ እጮህ ነበር። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ሰሙን ያያል፣ የላላውን ይጠግናል።

ባለሱቁ ጫማ ሳያደርግ እየሮጠ የመጣ ቀን ሁላችንም ተያይዘን ሄድን። እናቴ የሞላን ድምፅ እንደሰማች ስልኩን ለአባቴ ዘረጋችለት። እንዴት ነህ አላለውም። «ሁላችሁም ገባችሁ?» ነው ያለው። ከወዲያ ትንሽ ዝምታ ነበር፣ መስመሩ ነው ብለን አለፍነው፤ ከዚያ «ሁላችንም ገብተናል አባ» አለ። አባቴ ቤት ሲመለስ ሰሙ ላይ ከተጣበቁት በቀር ሽምብራዎቹን ለቅሞ አወጣ፤ እናቴም ውሃውን እልል እያለች ግቢው ውስጥ ባለችው ጌሾ ስር ደፋችው።

አባቴ በዚያ ቃል ኖረ ብል አላጋነንኩም። ሞላ ሳውዲ ገባ፣ ገንዘብ ላከ፣ ወረቀት የለኝም እያለ ሳይመጣ ጠጉሩ ሸበተ፤ ሽማግሌው ግን ልጁ በናፈቀው ቁጥር «ቢሆንም ሁሉም ገብተዋል» ይል ነበር፣ የሌላው ሰው ልጅም የሱ ይመስል። ያንኑ እንዳለ ሞተ። ሞላ ቀብሩን በስልክ አየ።

ትናንት በቪዲዮ ሲደውል ከሳጥኑ ያገኘሁትን መርከብ አሳየሁት። ስለ መርከቡ ማናችንም ነግረነው አናውቅም ነበርና ሁሉንም ተረኩለት፤ ሰሙን፣ ሽምብራውን፣ ጣራውን። ፍየሏ ጋ ስደርስ ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ሰሙ ላይ ተጣብቀው የቀሩ ጥቂት የጠወለጉ ሽምብራዎች አሉ፤ እነሱን ሲያይ ቆየና «አንዱን አውጪው» አለኝ።

ጀልባዋ መሃል ባሕር ላይ ውሃ ማስገባት ጀምራ ነበር አለ። አሻጋሪዎቹ ከጎኑ የተቀመጠውን ልጅ አንስተው ወረወሩት። መንገዱን ሁሉ ዳቦ አብሮት የተካፈለ፣ የጎረቤት ወረዳችን የዝቋላ ልጅ ነው። «አባ ሁላችሁም ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?» ብሎ አለቀሰ፤ በዚህ ዕድሜው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እኔ አባቴ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ደስ ማለቴ አስጠላኝ። ቤታችን ከሱ የወረሰው አንድ ቃል ነበር፤ እሱም ሐሰት ሆኖ ቀረ።

አጠገቤ የነበረችው እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«የማን ልጅ ነው?»

ሞላ ስሙን ከነአባቱ፣ አገሩን ከነጎጡ ነገራት።

«እናቱ ተረድታለች?»

«የነገራት ያለ አይመስለኝም» አለ።

ዛሬ ጠዋት እናቴን ከንስሐ አባታችን ጋር ዝቋላ በሚሄደው መኪና አሳፈርኳት። ነጠላዋን ገና አላዘቀዘቀችም፤ መርዶ ሳይነገር አዘቅዝቄ ብታየኝ ሴትዮዋ ትደነግጣለች አለችኝ። ባዶ ቤት ተመልሼ መርከቡን እያየሁ ተቀመጥኩ። እኛ የሳፋችንን ውሃ እልል ብለን የደፋን ቀን፣ ያቺ ሴት ስልክ ትጠብቅ ነበር፤ አሁንም እየጠበቀች ነው።