እንዳሻው ለምን አይቀመጥም

እንዳሻው አይቀመጥም። ከግሪስሃይም ወደ መሀል ከተማ በትራም ሲመጣ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ እሱ ብረት ጨብጦ ይወዛወዛል። ካፌ ስንገናኝም ማኪያቶውን ቆሞ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ነው የሚጠጣው። ባለ ካፌው ክንፈ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ደሞዝ ልቁረጥልህና አስተናግድ!" ይለዋል። እንዳሻው ይስቃል እንጂ አይቀመጥም።

ምክንያቱም ከተቀመጠ ይተኛል። አንድ ቀን ትራም ላይ ተቀምጦ መስመሩን ከጫፍ ጫፍ ሦስት ጊዜ ተመላልሶበታል፤ ሾፌሮቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ ከነቁልፉ ተረካክበውታል። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ አንቀላፍቶ፣ ሲነቃ ሙሽሪት ነፍሰ ጡር ነበረች የሚሉም አሉ። ውሸት ነው። ኬክ እየተቆረሰ ነበር።

ደሴ ተወልዶ በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. ፍራንክፈርት ገባ። ሳህን አጠበ፣ ቢሮ ጠረገ፤ ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግሪስሃይም አንድ መጋዘን ውስጥ ሽታፕለር ነዳ፤ ያቺን በሁለት የብረት ጥርሶቿ ዕቃ የምታነሣ መኪና። ስለ እሷ ሲያወራ የሰማ ያገባት ይመስለዋል። ችግሩ፣ ተቀምጠው ነው የሚነዷት።

በፈረንጆቹ 2012 መስከረም ላይ፣ ጥርሶቿ ወደ ላይ ተነሥተው ሳለ፣ እንዳሻው ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ጥርሶቿ በልብስ ማለስለሻ ጀሪካኖች ውስጥ ሰምጠዋል። አንድ ክንድ ራቅ ብሎ የቆመው ሱዳናዊ ባልደረባው ማሕሙድ ከራስ እስከ እግሩ ርሶ ቆሟል።

"ወንድሜ፣ ሳምንት ሙሉ እንደ አበባ ልሸት ነው!" አለ ማሕሙድ እየሳቀ። እንዳሻው አልሳቀም። ያንን አንድ ክንድ በዓይኑ ሲለካ ዋለ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄደ።

"እንዴት ነዎት?" አለ ሐኪሙ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና!"

ደሴ ያሳደገው ሰው ለሰላምታ ሕመም አይመልስም። ሐኪሙ "በጣም ደህና" ብሎ ጻፈ። ትንሽ እንደሚደክመው ሲሰማ ቡና እንዲቀንስ መከረው። በሁለተኛው ቀጠሮ፣ እዚህ ቴርሚን በሚባለው፣ ደም ተቀድቶ ቪታሚን ዲ ታዘዘለት። በዚህ ከተማ ለአበሻ ቪታሚን ዲ የማይታዘዝበት በሽታ የለም፤ እግሩ የተሰበረም ይዞት ይወጣል። በሦስተኛው፣ "ስተኛ ትንፋሼ የሚቆም ይመስለኛል፤ ልመርመር" ሲል ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች አየው። እንዳሻው የመጋረጃ ዘንግ የሚያህል ቀጭን ሰው ነው።

"እሱ ብዙ ጊዜ የወፍራሞች ነው። ለማንኛውም ይህን ይሙሉ።"

ቅጹ፣ ከሰው ጋር ተቀምጠው ሲያወሩ ምን ያህል ያንቀላፋሉ? ይላል። እንዳሻው ተቆጣ። ሰው እያናገረኝ እተኛለሁ ብዬ ልፈርም? ባለጌ ነኝ? ዜሮ። ስምንት ጥያቄ፣ ስምንት ዜሮ።

"ታዲያ ትንፋሽዎ እንደሚቆም ማን ነገረዎት?"

"ባለቤቴ።"

"እንግዲያው ይዘዋት ይምጡ።"

ሸዋረገድ የሠርግ ካፖርቷን ለብሳ መጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ትንፋሹ በቆመ ቁጥር፣ ባሏን በግራ ክርኗ እየጎሰመች የምታነቃ ሴት ናት፤ ክርኗ ጡረታ ሊጠይቅ ምንም አልቀረው።

"ባለቤትዎ ያንኮራፋሉ?"

"በስመ አብ! እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው።"

"ትንፋሻቸውስ ይቆማል?"

"የሰው ትንፋሽ ከቆመማ ይሞታል፣ ዶክተር። ይኸው አለ።"

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ሁለቱንም ጨብጦ ሸኛቸው።

ደረጃው ላይ እንዳሻው ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። "ምነው ሸዋዬ! ምን ነካሽ?"

"በፈረንጅ ፊት ባሌ እንደ ወፍጮ ይጮኻል ልበል? ገመና እኮ ነው!"

"ገመናዬን አውጪው! ሰው ልገድል ነው!" አለና ደብቋት የከረመውን የማሕሙድን ነገር ነገራት።

ሸዋረገድ ዞራ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወጣች፤ እንዳሻውም ተከተላት።

"አዲስ ቴርሚን ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው" አለች ጸሐፊዋ።

ሸዋረገድ ልትመልስ ፈለገች፤ ከድንጋጤ የተነሣ ሃያ ዓመት የተናገረችው ጀርመንኛ ጥሏት ጠፋ። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፍና አንኮራፋች። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ታች ፎቅ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የተቀመጡት ሁሉ አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ በድንገት ጸጥ። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ አባታችን ሆይን በሆዷ እየደገመች ነው። ወረፋ ጠባቂዎቹ አብረዋት ትንፋሻቸውን ያዙ። "ከክፉ ሁሉ አድነን" ላይ ስትደርስ ከባሕር እንደወጣ ሰው አየር ሳበች።

ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሟል። አይስቅም። ሰዓቱን እያየ ነው።

"ይህን ያህል ይቆያል?"

"አንዳንዴ እስከ አሜን።"

ወደ ክፍሉ መለሳቸውና እንዳሻውን ጠየቀው፤ "ሥራዎ ምንድን ነው?"

"መጋዘን" አለ እንዳሻው። ውሸት አይደለም። ሐኪሙ መጻፍ ጀመረ። እንዳሻው እስከ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ። አሥራ አንድ ዓመት። እንደገና ሄደ።

"ሽታፕለር እነዳለሁ" አለ ከዚያው ቆሞ። "መስከረም ላይ እየነዳሁ ተኝቻለሁ።"

ብዕሩ ቆመ። "ከዛሬ ጀምሮ አይነዱም።" ወዲያው ወደ እንቅልፍ መመርመሪያው የሚልከውን ወረቀት ጻፈለት። ቀኑን ለማፍጠን ስልኩንም ራሱ ደወለ። እንዳሻው በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄዶ ቁልፉን ለአለቃው አስረከበ።

ምርመራው ላይ ሬዲዮ ጣቢያ እስኪመስል ሽቦ ጠመጠሙበት። ውጤቱ፣ ትንፋሹ በሰዓት አርባ አንድ ጊዜ ይቆማል።

"አርባ አንድ ብቻ?" አለች ሸዋረገድ። "መሣሪያው መሀል ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነዋ!"

"ቀድሜ መላክ ነበረብኝ፤ ይቅርታ" አለ ሐኪሙ። ሲተኛ አየር የሚነፋለት ጭንብል ታዘዘለት፤ ስለ መንዳቱ ከሦስት ወር በኋላ ይታያል ተባለ።

እስከዚያው ከማሕሙድ ጎን ካርቶን ያሽጋል። ሽታፕለሯን አንድ ሌላ፣ በደንብ የተኛ ሰው ይነዳታል። ባለፈች ቁጥር ግን እንዳሻው ማሕሙድን በእጅጌው ጎትቶ ግድግዳ ያስይዘዋል።