የገሠሠ ጉርድ ፎቶ

ዘውድነሽ በየማለዳው ከቤት ስትወጣ፣ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን የወንድሟን ጉርድ ፎቶ በእጅጌዋ ጫፍ ጠረግ ታደርገዋለች። አቧራ ኖረም አልኖረም። ከዚያ መኪናዋን አስነሥታ፣ በስደት ከምትኖርበት ከፓይን ሌክ ወደምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ትሄዳለች።

ፎቶው ለመታወቂያ የሚነሡት ዓይነት ነው፤ ከደረት በላይ። ገሠሠ ከሮም የሚልከው ሁሉ እንደዚሁ ነበር። ደሴ ያሉት እናታቸው ግን ጉርዱን ከፎቶ አይቆጥሩትም። እሳቸው ዘንድ ሰው የሚነሣው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው ነው። «ልጄን ሙሉውን ላኩልኝ፤ ቁመናውን ልየው» እያሉ በመጣ በሄደው ሰው ይልካሉ። ገሠሠ ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ማጣቱን ከእኅቱ በቀር ለማንም አልነገረም።

በ1988 በጋ ዘውድነሽ ፈቃድ ወስዳ ልትጠይቀው ተነሣች። እናቷ በስልክ ሲሰሙ፣ «እንግዲህ በገዛ እጅሽ አንሥተሽ ትልኪልኛለሽ» አሉ። እሺ አለች። ምን ብላ እምቢ ትበል?

ካሜራ ለመግዛት ልጇን ትዕግስትን ይዛ ሞል ሄደች። ሻጩ ሦስት ካሜራ ደረደረላቸው። አንዱን፣ «ይሄ አንገት ይሰብራል» ብላ ገና ስታነሣው መለሰችው። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ግን ሌንሱ አይንቀሳቀስም፣ ፊት ለማቅረብ ራስን ማቅረብ ይጠይቃል። ሦስተኛው የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ሆኖ፣ ቁልፉን ሲጫኑት ሌንሱ እያጉረመረመ ወደ ፊት ይወጣል።

«እማዬ፣ ዙም ያለውን ውሰጂ» አለች ትዕግስት። «ቱሪስት እኮ ነሽ! ሐውልቱ ሩቅ ቢሆን ዙም ታደርጊዋለሽ።»

«ለእኔ ያ ቀላሉ ይበቃኛል። ራቅ ብዬ ማንሣት ነው።»

«ራቅ ብለሽማ! የሳሙኤልን ክርስትና ስታነሺ ሕፃኑ የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሰው ሁሉ ጫማ ግን አለ።»

«ቀልጂ አንቺ። ሰው እግሩ ተቆርጦ ይነሣል እንዴ?»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። ዘወትር የምትለው ነገር ነው፤ አገር ቤት ፎቶ የተነሣ ሁሉ የሚለው። የአጎቷን እግር ጉዳይ የማታውቀው ትዕግስት ትስቃለች።

ዘውድነሽ ፊቷን ለመሸሸግ ያህል ባለ ዙሙን አንሥታ ዓይኗ ላይ አደረገች። ሻጩ ከመደርደሪያው ወጥቶ ራቅ ብሎ ጥግ ላይ ቆሟል። ቁልፉን ስትጫን መጀመሪያ ጫማው ጠፋ፤ ቀጥሎ ቀበቶው፤ በመጨረሻ ፈገግ ያለ ፊቱ ብቻ ቀረ። እሷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ይሄን እወስዳለሁ።»

«ፋይናሊ!» አለች ትዕግስት።

ከሮም መልስ ፎቶዎቹ ታጥበው ደሴ ደረሱ። ገሠሠ መስኮት ተደግፎ፣ ገሠሠ ጠረጴዛ ላይ ክርኑን አስደግፎ፣ ገሠሠ ሲስቅ። እናታቸው አገላብጠው አይተው፣ «ልጄስ አምሮበታል፤ አንሺዋ ናት ያልቻለችበት» አሉ። ዘውድነሽ ወቀሳውን ደስ ብሏት ተቀበለች።

ይህን ሁሉ እንድጽፈው በእርጋታ ስታጫውተኝ ቆይታ አንዲት ነገር ላይ ስትደርስ፣ «ይቺን ግን እናቴ በሕይወት እስካለች ድረስ ዝለያት» ብላ ነበር። እናቷ ባለፈው ጥቅምት ዐረፉ።

ከሮም ልትመለስ ስትል ገሠሠ ጢሙን ተላጨ፤ የሱሪውን ባዶ እግር አጥፎ በመርፌ ቁልፍ አስያዘ፤ ክራንቹን ተደግፎ አንድ ቢጫ ግድግዳ ሥር ቆመ።

«እታለም፣ ዛሬ ሙሉውን አንሺኝ» አላት። «መደበቁ ሰለቸኝ። እናታችንም አልቅሳ ይውጣላት።»

ካሜራውን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። «ራቅ በይ፣ አሁንም ራቅ በይ» እያለ በእጁ ይነዳታል። መንገዱን ተሻግራ ከማዶ ቆመች። በካሜራው ሙሉውን አየችው፤ ክራንቹን፣ ግድግዳውን፣ ብቻውን የቆመውን ጫማ። ከዚያ አውራ ጣቷ ቁልፉን ተጫነ፤ ፊቱ ብቻ እስኪቀር አልለቀቀችውም።

«ሙሉ ገባሁ?» ብሎ ጮኸ ከማዶ።

«ሙሉ ገብተሃል» አለችው።